እስከ ፋሲካ አስታማሚ

መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ከዛሬ ጀምሮ ወጌሻ ነኝ። የማውቀው አጥንት የበግ ጎድን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁዳዴ ስለሆነ ካየሁት ሰንብቻለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። አዲስ አበባ ላይ ያ ቦምብ ከተጣለ ወዲህ ጥልያን የሚያሳድደው መኳንንቱን ብቻ አይደለም፤ ባሕታዊውን፣ ጠንቋዩን፣ አዝማሪውንም ጭምር ነው። መሰንቆ ይዞ የተገኘ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይረሸናል አሉ። እኔ ደግሞ መሰንቆ ብቻ አይደለም፣ ግጥምም አለብኝ። ጥር ላይ አንኮበር፣ በባላምባራስ ገብረአማኑኤል ልጅ ሠርግ፣ የደብረ ብርሃኑ ማጆሬ፣ የጥልያኑ ሻለቃ፣ በሬሳ ወንዝ ውስጥ ከበቅሎው መውደቁን ሰማሁና፣

በሬሳን ሊሻገር ማጆሬው ቢነሣ፣
ባርኔጣው ተሻግሮ ጭንቅላቱን ረሳ።

ብዬ ለቀቅኩት። ሠርገኛው በሳቅ ሞተ። የፊት ጥርስ የሌላቸው የሙሽራው አያት ሳይቀሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ አንኮበር ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ግጥሜ ከእኔ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ገባ። አሁን ማጆሬው ያን አዝማሪ አምጡልኝ ይላል። በዕድሜዬ እንዲህ አጥብቆ የፈለገኝ ጌታ አላጋጠመኝም።

መሰንቆዬን አልዩ አምባ፣ ዓወል ነጋዴው ቤት አስቀመጥኩና ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ቆላ ሲሸሽ እኔ ማጆሬው አፍንጫ ሥር ገባሁ፤ እዚህ ማን ይፈልገኛል? ሐኪም ቤታቸው ደጃፍ ሰው ተሰልፎ አየሁና አብሬ ተሰለፍኩ። ለካ ሥራ ፈላጊ ነው። ሐኪሙ፣ ዶቶሬ ይሉታል፣ ግራ እጄን አገላበጠና የጣቶቼን ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። የመሰንቆ ጭራ ሲጫን የኖረ ጣት ጫፉ ይደድራል።

“ሥራህ ምንድን ነው ይልሃል” አለኝ አስተርጓሚው ገብረአብ።

“ወጌሻ” አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

“ስምህስ?”

ዘርአ ዳዊት ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩትና “ወልደተንሣኤ” አልኩ። መቼስ እስከ ፋሲካ ነው። በሁዳዴ አዝማሪ መሰንቆውን ይሰቅላል፤ ሠርግ የለ፣ ጠጅ የለ። ጾሙ ሲፈታ ጥልያኑም ይረሳኛል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

መጋቢት ፲፪

ወደቅኩ። ዶቶሬው የፈረጅን እግር ሲከፍት ነው። ፈረጅ የአልዩ አምባ ግመል ነጂ ነው፣ እሾህ ወግቶት እግሩ መግሏል። መግሉን ያየሁት ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ስነቃ ራሴ ፈረጅ ጭን ላይ ነው። “አብሽር ወንድሜ፣ ያልፍልሃል” እያለ በኩታው ያራግብልኛል። ዶቶሬው የሆነ ነገር ተናገረ። ገብረአብ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም።

መጋቢት ፲፱

መግል ለመድኩ። ይህን ስጽፍ በራሴ አፍራለሁ፤ ጠጅ ጠጅ እሸት የነበርኩ ሰው።

እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚያቃስተው በቅኝት ነው፣ ሌላው አይሰማውም እንጂ። በሩ አጠገብ የተኛው ሆዱን የቆረጠው ወታደር ባቲ ነው። ፈረጅ ቁስሉ ሲታጠብ በአምባሰል ይጀምርና መጨረሻው ላይ አንቺሆዬ ይገባል። ይሄ ያበሳጨኛል። ትናንት ሳላስበው “ኧረ በአንዱ ጽና!” አልኩት።

“ምን አልክ?”

“ጽና ማለቴ ነው፣ በርታ።”

ሳቀ። ሊጠይቁት የመጡ ዘመዶቹ ወሬ አምጥተውለት ኖሮ፣ “ዓወል ሰላም ብሎሃል። ዕቃው ደህና ነው፣ አይጥ እንዳያገኘው ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል” አለኝ። ጨው መሆን አለበት የሚያወራው። ነጋዴ መቼም ከጨው ሌላ ወሬ የለውም።

ፋሻ የምታጥበው ይመኙሻል ደግሞ፣ ባሏ ማይጨው ዘምቶ ያልተመለሰ ነው፣ ዛሬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

“አያ ወልደተንሣኤ፣ ፋሻ ስትጠቀልል አንገትህን ምን ያወዛውዘዋል?”

“ማጅራቴን ይዞኝ ነው።”

“እግርህ መሬቱን የሚመታውስ?”

“ብርድ ነው።”

“መቼም የደብረ ብርሃን ብርድ አያድርስ” አለችና ገንዳዋን ተሸክማ ሄደች። አመነችኝ። ማስመሰል እንደሆነ በደሜ ያለ ነገር ነው። ይህን ደብተር የምደብቀው ያልታጠበ ፋሻ ሥር ነው፤ እዚያ ከእሷ በቀር እጁን የሚያስገባ ሰው የለም፣ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። አትችልም መሰለኝ።

መጋቢት ፳፬

ወይ ጉድ! አዝማሪውን እንዲይዝ የታዘዘው ገብረአብ ብጉንጅ ወጣበት። የወጣበት ቦታ መቀመጫው ላይ ነው። ዶቶሬው አየት አድርጎ “ኢንፌርሚዬሬ!” ብሎ እኔን ጠራ፤ አስታማሚ ማለት ነው። እንግዲህ በየቀኑ አሳዳጁ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ በሆዱ ይተኛል፣ ተሳዳጁ ቂጡን ያጥባል።

“ያን የአንኮበር አዝማሪ ሳልይዘው አልቀርም” አለኝ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ።

“እንዴት ያለ ሰው ነው?”

“ቀጭን ነው አሉ። ጥቁር። ድምፁ የሻከረ።”

የሻከረ! የጨው ውሃውን ትኩስ ትኩሱን አፈሰስኩበት። ጮኸ። ጩኸቱ ቅኝት የለውም።

ስወጣ ይመኙሻል በሩ ላይ ጠበቀችኝ። “ያን ብጉንጅ አደራ፣ ቶሎ እንዳታድነው።”

“ለምን?”

“እንዲያው ነው” አለች።

መጋቢት ፴

አለቀልኝ። ባላምባራስ ገብረአማኑኤል መጡ። በተስቦ ራሳቸውን ስተው፣ አሽከሮቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ከአንኮበር አመጧቸው። ዶቶሬው ጨርቁን አፍንጫው ላይ አስሮ ከሩቅ አያቸውና ወደ እኔ በጣቱ አመለከተ፤ ተስቦ የእኔ ነው ማለት ነው። ሌሎቹ አስታማሚዎች ከአልጋቸው አጠገብ ድርሽ አይሉም።

ልብሳቸውን ቀቅለን፣ ጠጉራቸውን ላጭተን አስተኛናቸው። ቀና ብለው ጣራውን አዩና ያ የማውቀው ድምፃቸው፣ አዳራሽ የሚሞላው፣

“ተቀበል!” አለ።

ምላሴን ነከስኩ። ደም ደም አለኝ። ዐሥር ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው “ተቀበል” ሲሉ ስቀበል ኖሬአለሁ። ጌታ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪ ካልተቀበለ ግጥሙ አየር ላይ ይቀራል፤ ነውር ነው። አፌ ተከፍቶ ስለነበር ሳል አስመሰልኩት።

ሚያዝያ ፮

ራሳቸውን አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ግብር ያበላሉ፤ “ለዚያ ጨምሩለት፣ ያኛውን አስወጡት፣ አዝማሪው የት ገባ?” ዘርአ ዳዊት ብለው ስሜን ይጠራሉ። ስለዚህ ከአጠገባቸው አልለይም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ውሃ በማንኪያ አደርግላቸዋለሁ፤ ከንፈራቸው ሲደርቅ እርጥብ ጨርቅ፣ ሲያልባቸው አገላብጣለሁ። ሰው ሩኅሩኅ ነው ብሎ እንዳይሳሳት፤ አፋቸውን ለመዝጋት ነው። ይመኙሻል “ለራስህም እህል ቅመስ እንጂ” ብላ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨመረችልኝ።

ወተት አዘዘ ዶቶሬው። ራሳቸውን የሳቱት ሰውዬ ወተቱ ከንፈራቸውን ሲነካ ነቁ! “ጾም ነው” አሉና መልሰው ሳቱ።

ሚያዝያ ፲፫

ትኩሳቱ ወረደ። ግንባራቸውን ሦስት ጊዜ በእጄ ነካሁ፤ በርዷል። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ጭስ ነበር እዚያ፣ ይመኙሻል ልብስ ትቀቅላለች።

ተመልሼ ስገባ ዐይናቸው ተከፍቷል።

“አንተ…”

“ወልደተንሣኤ እባላለሁ ጌታዬ። አስታማሚ ነኝ።”

ቆይተው ቆይተው አዩኝ። “እሺ ወልደተንሣኤ” አሉ። “ድምፅህ ግን ያው ነው። ምነው ሻከረ?”

እሳቸውም!

ሚያዝያ ፲፯

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት ማሬሻሎው፣ የካራቢኜሪው፣ የፖሊሳቸው፣ አለቃ፣ ገብረአብን አስከትሎ ገባ። ሠርጉ የባላምባራስ ስለነበር አዝማሪው ማን እንደሆነ ሊጠይቋቸው ነው። ገብረአብ ጎሮሮውን ጠረገና ግጥሙን ጮክ ብሎ አነበበ፦

“በሬሳን ሊሻገር ማጆሬው ቢነሣ፣
ባርኔጣው ተሻግሮ ጭንቅላቱ ቀረ።”

ቀረ! “ቢነሣ” ብሎ “ቀረ”! ቤት አይመታ፣ ነገር የለው፤ ሰው በአማቱ ፊት ሱሪው ቢወልቅ እንዲህ አይሸማቀቅም። ደገመው። ታገሥኩ። ሦስተኛ ሲያነበው፣ አፈር ስሆን፣

“ጭንቅላቱን ረሳ ነው እንጂ!” አልኩ። ከነዜማው።

የሚያቃስት እንኳ ጠፋ። ገብረአብ ቀስ ብሎ ዞረ። “ከየት ሰማኸው?”

ያን ጊዜ ባላምባራስ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

“ከእኔ ነዋ! ትኩሳት ላይ ሆኜ ቀን ከሌት ስለፈልፍ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ፣ ከማን ይሰማል? ግጥሙ የእኔ ነው። በልጄ ሠርግ ላይ ‘ተቀበል’ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አዝማሪ ምን ያውቃል? የነገሩትን ነው የሚለው። ያም አዝማሪ ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው።”

“ወላሂ ነው!” አለ ፈረጅ ከአልጋው። “ሲሉት እየሰማን እንቅልፍ አጣን።” ሆዱን የቆረጠው ወታደር ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ይመኙሻል “እኔ እንኳ በቃሌ ያዝኩት” አለች።

ማሬሻሎው አሁኑኑ ይነሡ አለ። ዶቶሬው ተስቦ ነው፣ ሳይድን ከዚህ አይወጣም አለ። ተስቦ የሚለውን ሲሰማ ማሬሻሎው እስከ በሩ በጀርባው ሄደ። ፍርዱም እዚያው በሩ ላይ ተሰጠ፦ ሲድኑ ይወሰዳሉ። ወዴት እንደሚወሰዱ ገብረአብ አልተረጎመም፤ አያስፈልግም ነበር።

ግጥሙ የእሳቸው አይደለም። የእኔ ነው! “የነገሩትን ነው የሚለው” አሉኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ዐሥር ዓመት ያገለገልኩት ጌታ ግጥሜን ቀማኝ። እስካሁን ደሜ ይፈላል። እራት አልበላሁም።

ሚያዝያ ፲፰

ግጥሜን ቀማኝ ብዬ ጻፍኩ ትናንት። አነበብኩትና ፊቴን የማስቀምጥበት አጣሁ። አልፍቀውም።

ሚያዝያ ፳

ስለዚህ መዳን የለባቸውም። ሃያ ቀን ሙሉ ለማዳን የደከምኩትን ሰውዬ ማሳመም አለብኝ። ይመኙሻል የትኩሳት መለኪያዋን ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ታቀብለኛለች፣ እኔ ብብታቸው ሥር እከታለሁ። ይህ ቀላል ነው። የከበደው ማቃሰቱ ነው።

“ጌታዬ፣ ዶቶሬው ሲገባ በትዝታ ቀስ ብለው ይጀምሩና…”

“እኔ ለጥልያን አላቃስትም።”

“ለጥልያን አይደለም፣ ለነፍስዎ ነው።”

“አላቃስትም አልኩህ!”

ምን ይደረግ? ፊታቸውን በባና ብርድ ልብስ ሸፈንኩና ከአልጋው ራስጌ ጎንበስ ብዬ እኔ አቃሰትኩላቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲያ አቃስቼ አላውቅም። ከትዝታ ተነሥቼ በአንቺሆዬ አወረድኩት፤ ባቲው ወታደር አለቀሰ። ዶቶሬው ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ባናው ሥር ባላምባራስ ሲንቀጠቀጡ ትኩሳት መስሎኝ ገለጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው።

ሚያዝያ ፳፬፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተነሣ። ወልደተንሣኤ ሥራውን የሚለቅበት ቀን ነው። ፈረጅ ድኗል፣ አልዩ አምባ ሊወርድ በቅሎ አዘጋጅቶ “ና እንሂድ፣ ዕቃህ ይጠብቅሃል” አለኝ። ዕቃዬ! ያ ጨው አልነበረም ማለት ነው።

በቅሎዋ የምታነክስ መሰለኝ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብቆይ ይሻላል አልኩት። ፈረጅ በቅሎዋን አየ፣ እኔን አየ፣ “ኢንሻአላህ” ብሎ ሄደ።

ባላምባራስ ወተታቸውን ጠጡ። “የጥልያን ላም ወተቷ ቀጭን ነው” አሉ። የጥልያን ላም የለም፣ የይመኙሻል ላም ናት።

ግንቦት ፩፣ ልደታ

እንዴት ያለ ተማሪ ነው! ዛሬ ባላምባራስ ራሳቸው አቃሰቱ። ዶቶሬው ሳይገባ ጀምረው፣ ከወጣም በኋላ አላቆሙም። “ጌታዬ፣ ሄዷል እኮ፣ ይበቃል” ብላቸው እንኳ ልምምድ ላይ ናቸው። ብርጭቆዋንም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ረስተን ነበር፤ እንዲያውም ከወትሮው ከፍ ብላ ተገኘች። በደንብ ይዘውታል ብዬ ለይመኙሻል ነገርኳት። ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ሸፈነች። ሴት ልጅ ቀልድ አይገባትም።

ግንቦት ፬

ውሃውን አልዋጡም። ገርሽቶባቸዋል ይላል ዶቶሬው። እኔ አላልኩም።

ግንቦት ፭

ከቀትር በኋላ ነበር። እጄን ያዙኝ። እጃቸው እሳት ነው።

“ዘርአ ዳዊት” አሉኝ፣ በሙሉ ስሜ፣ በሰው ፊት። “ተቀበል።”

ገብረአብ ብጉንጁን ሊያሳጥብ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ዶቶሬው ከኋላው አለ። አየኋቸው። ባላምባራስ ከንፈራቸውን ላስ አድርገው፣ በዚያ በቀረው ድምፅ፣

“የምሞተው እኔ፣ የሚያቃስተው እሱ፣
በሽተኛው ማን ነው? ሐኪሞች ድረሱ!”

አሉ። ዐይናቸው ይጠብቀኛል። ግጥሙ አየር ላይ ሊቀር ነው።

ተቀበልኩ። መሰንቆ የለኝ፣ በባዶ ድምፄ፣ ጮክ ብዬ፣ ከነዜማው ተቀበልኩ። ቤቱ ሁሉ ሰማ። ደገምኩት። ሦስተኛ ስጀምር እጃቸው ከእጄ ላላ፤ ግን የተጀመረ ግጥም አይቆረጥምና ጨረስኩላቸው።

ዶቶሬው ገብረአብን አንድ ነገር ጠየቀው። ገብረአብ እኔን አየኝና “ፕሬጊዬራ” አለ። ጸሎት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቄሳቸው ሲመጣ የሚሉት ነው። ዶቶሬው ባርኔጣውን አወለቀ።

ወይ አስተርጓሚ! ዘፈንና ጸሎት የማይለይ ሰው እንዴት አዝማሪ ይይዛል?

ግንቦት ፱

አስከሬናቸውን አንኮበር ወሰዱት። መቅበር አልቻልኩም፤ ተስቦ ያስታመመ ከግቢ አይወጣም ተባለ። ደህና አደረጉ። እዚያ ብሄድ እንዴት ብዬ ዝም እላለሁ?

ገብረአብ መጣ። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ሲተኛ አየሁት፤ ብጉንጁ ከዳነ ሰንብቷል፣ ጠባሳው እንኳ ጠፍቷል። ያም ሆኖ አጠብኩት። “የግጥሙ ጉዳይ ተዘግቷል” አለኝ ወደ ትራሱ። “ባለቤቱ ሞቷል፤ ማጆሬውም ደስ ብሎታል። ከእንግዲህ ያ ግጥም የእኔ ነው የሚል ሞኝ ካልመጣ በቀር።” ተነሣና ቀበቶውን አሰረ። “ሞኝ ታውቃለህ?”

“አላውቅም” አልኩ።

“ጥሩ” አለ።

ሰኔ ፳፩

ዝናቡ ገባ። ተስቦውም አብሮ። አልጋው ስላነሰ መሬት ላይ ገለባ አነጠፍን።

ፈረጅ ከአልዩ አምባ መጣ፣ በቆዳ የተጠቀለለ ዕቃ አዝሎ። ፈትቶ ሊያሳየኝ ሲል እጁን ያዝኩት። “መልሰህ ውሰደው። በዚህ ዝናብ ቆዳው ይላላል፣ ጭራውም ይበላሻል። ለመስከረም ይደርሳል።”

“ለመስከረም ወይስ ለፋሲካ?”

“ሂድ ወዲያ!” አልኩት። ይመኙሻል ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅኝቱን ገና አልለየሁትም።

ማምሻውን ከለሚ አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ አመጡ። ትኩሳቱ ገና መጀመሩ ነው፣ ወሬ ይወዳል። ጫማውን ሳወልቅለት፣

“ያችን ግጥም ሰምተሃታል?” አለኝ። “‘ባርኔጣው ተሻግሮ ራሱ ጎደለ’ የምትለዋን? ለሚ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ይላታል። የአንድ አዝማሪ ናት አሉ።”

ይመኙሻል ገንዳዋን አስቀምጣ አየችኝ።

“‘ጭንቅላቱን ረሳ’ ነው የሚለው” አልኩት። “አዝማሪ ምን ያውቃል? የባላምባራስ ገብረአማኑኤል ግጥም ናት። እኔ ነኝ ያስታመምኳቸው፤ ከአፋቸው ነው የሰማሁት። በል አሁን ውሃህን ጠጣ።”